ልጅን ለባሕር ኃይል የቴክኒክ ሙያ መሸኘት፤ የቤተ ሰብና የእድር ድርሻ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




 ኮሚቴው «ስለ ልጆቻችን አንድ ቁም ነገር አዘጋጁ» ባለን ጊዜ ብዙ ርእስ አውጥተን አውርደን ነበር። በመጨረሻ የመረጥነው በየቤታችን መነሣት የጀመረ አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም ልጃችን ወይም የጎረቤታችን ልጅ «የባሕር ኃይል ቴክኒሻን ልሆን ነው» ብሎ ሲነሣ ቤተ ሰቡ ምን ያድርግ? እድሩስ ምን ያግዝ? የሚል ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ባሕር የሌላት አገር ምን የባሕር ኃይል ያስፈልጋታል?» ብሎ ይሥቃል። ይሣቅ፣ አይከፋም። ዳሩ ግን ልጁ ተፈትኖ አልፎ፣ ሻንጣውን ዘግቶ በር ላይ ሲቆም የሚሥቅ ወላጅ የለም። የዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው ምክርና ዝግጅት ነው። እኛም ዛሬ የምንናገረው ስለዚሁ ዝግጅት ነው።

የንግግራችን ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። መርከብ ይሸጣል፤ ወደብም ይለወጣል፤ የደንብ ልብስም አንድ ቀን ይወልቃል። ልጁ የተማረው ሙያ ግን አብሮት ይኖራል። ስለዚህ ልንደግፍ የሚገባን ሙያውን ነው። ሙያውንም ከዳር እንዲያደርስ ከቤት የሚነሣው ችግርና ሐዘን ከመንገድ እንዳይጎትተው አስቀድመን መሰናዳት አለብን።

ባሕሩ ሩቅ ነው፤ ጉዳዩ ግን ቅርብ ነው

የምንኖርባቸው ሦስቱ ከተሞች ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት፣ ሁሉም ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው የደጋ አገሮች ናቸው። የሱሉልታን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ከባሕር ጋር አንተዋወቅም ማለት አይቻልም። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር የሚነሣው ከሰበታ ነው። ወደ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ የሚደርሰው ጅቡቲ ወደብ ላይ ነው። ከአገራችን የውጭ ንግድ ዘጠና በመቶ የሚበልጠው የሚመላለሰው በዚሁ ወደብ ነው። ማዳበሪያውም፣ የመኪናው መለዋወጫም፣ የፋብሪካው ማሽንም በመርከብ ተጭኖ የመጣ ነው። እንግዲህ ሰበታ ቆመን ሐዲዱን ስናይ የባሕሩን አንድ ጫፍ ይዘናል ማለት ነው።

ታሪኩንም በጥቂቱ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ለወላጅ ትምህርት አለውና።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ዋና ሠፈሩ ምጽዋ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የባሕር ኃይል ኮሌጅ በአሥመራ ተከፈተ። ለመኮንንነት የሚሰጠው ትምህርት 52 ወር፣ ማለትም አራት ዓመት ከአራት ወር የሚፈጅ ነበር። በማደራጀቱና በማሠልጠኑ የኖርዌይ ባሕር ኃይል መኮንኖች ረድተዋል። ከዚያም በኋላ ወደ ጣሊያን፣ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ተልከው የተማሩ ነበሩ፤ በደርግ ዘመን ደግሞ ወደ ሌኒንግራድና ወደ ባኩ የሄዱ አሉ። በተራ ባሕረኛነት የሚቀጠረው ወጣት የሚፈርመው የሰባት ዓመት ግዴታ ነበር።

የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብ ስሟ «ኢትዮጵያ» ይባል ነበር። ቀድሞ «ኦርካ» የተባለች የአሜሪካ መርከብ ሆና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፓሲፊክ ውቅያኖስ አገልግላለች። ለአገራችን የተሰጠችው በ1954 ዓ.ም. ነው። ብዙ ወጣት በእርሷ ላይ ባሕርን ተምሯል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከመካከላችን ብዙዎቻችሁ በዕድሜያችሁ ያያችሁት ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በጦርነት ተያዘች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ መርከቦች ወደ የመንና ወደ ሌላም የጎረቤት ወደብ ተሻገሩ። «ኢትዮጵያ» የተባለችውም መርከብ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በዚያው ዓመት ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ ያለ ባሕር ጠረፍ ቀረች። ጅቡቲ ላይ የቀሩት መርከቦች እ.ኤ.አ. በ1996 በሐራጅ ቀረቡ፤ የባሕር ኃይሉም በዚያው አበቃ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የባሕር ኃይሉ ሲፈርስ ማዕረጉም፣ ዩኒፎርሙም፣ ሠፈሩም ቀረ። ነገር ግን የናፍጣ ሞተር ፈትቶ መግጠም የሚችል ሰው ሞተሩ መርከብ ላይ ሆነ ፋብሪካ ውስጥ ያው ሞተር ነው። ጀነሬተር የሚያውቅ ሰው ለሆስፒታልም፣ ለወፍጮ ቤትም፣ ለሆቴልም ያስፈልጋል። የማቀዝቀዣ መሣሪያ የሚጠግን፣ ብረት የሚበይድ፣ የሬድዮ መገናኛ የሚያውቅ ሰው ሥራውን በእጁ ይዞ ይዞራል። መንግሥት ቢለወጥ፣ ወደብ ቢጠፋ ከሰው የማይወሰድ ነገር ይህ ነው። አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ደግሞ ነገሩ በዚያው ተዘግቶ አልቀረም። በ2010 ዓ.ም. መንግሥት የባሕር ኃይል እንደገና እንደሚቋቋም አስታወቀ፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ማክሮን አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ፈረንሳይ በዚሁ ሥራ እንድትረዳ ስምምነት ተፈረመ። ባሕር የሌለው አገር የባሕር ኃይል ሲያቋቁም እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። የደቡብ አሜሪካዋ ቦሊቪያ የባሕር ጠረፏን በጦርነት ካጣች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1963 ያቋቋመችው የባሕር ኃይል ዛሬም በቲቲካካ ሐይቅና በወንዞቿ ላይ ይሠራል። ስለዚህ ልጁ «እሄዳለሁ» ሲል የሕልም እንጀራ ነው ብለን መናቅ አይገባንም።

ሙያው ምንድን ነው?

ብዙ ወላጅ የባሕር ኃይል ሲባል የሚታየው ነጭ ልብስ የለበሰ፣ መድፍ አጠገብ የቆመ ወታደር ነው። የቴክኒክ ሙያተኛው ቦታ ግን ከታች ነው፤ ዘይት በሚሸትበት፣ ጩኸቱ ጆሮ በሚይዝበት በሞተር ክፍል ውስጥ። መርከብ ማለት ተንሳፋፊ ቀበሌ ማለት ነው። የራሱ መብራት ኃይል አለው፤ የራሱ ውኃና ፍሳሽ፣ የራሱ እሳት አደጋ፣ የራሱ ጋራዥ አለው። አንዱ ቢበላሽ መካከለ ባሕር ላይ ሆኖ «መካኒክ ጥሩልኝ» አይባልም። ያለው ሰው እዚያው የተሳፈረው ልጅ ነው።

ስለዚህ ሙያው በብዙ ዘርፍ ይከፈላል። የሞተርና የፓምፕ አለ፤ የኤሌክትሪክና የጀነሬተር አለ፤ የራዳርና የሬድዮ መገናኛ አለ፤ የብየዳና የመርከብ አካል ጥገና አለ። ይህን ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ «አንተ ወደ የትኛው ነህ?» ብሎ መጠየቅ የወላጅ የመጀመሪያ ሥራ ነው። «ወታደር ሊሆን ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ሴት ልጅም ብትሆን ያው ነው፤ ሞተር የያዘው እጅ የወንድ ይሁን የሴት አይጠይቅም። ልጅቷ ብሎን ስትፈታ ካየን «ይህ የወንድ ሥራ ነው» ብለን ቁልፉን ከእጇ አንውሰድ።

ከመሄዱ በፊት የሚደረግ ዝግጅት

አንደኛ፣ ትምህርቱ። የዚህ ሙያ መሠረቱ ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ ነው። የሞተር መጽሐፉም፣ የመሣሪያው መመሪያም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ ስምንተኛና ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ሒሳብ ከከበደው ያኔውኑ ማስጠናት ይሻላል፤ ምዝገባ ሲወጣ መሯሯጥ አይጠቅምም። ተግባረ እድም፣ ጄኔራል ዊንጌትም፣ በየከተማችን ያሉት የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶችም መንገድ ይከፍታሉ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ያልመጣለት ልጅ በእጅ ሙያ ሊበረታ ይችላል። ውጤቱ ስለ ቀነሰ ተሰብሮ ቤት የተቀመጠ ልጅ ስንቱ ነው!

ሁለተኛ፣ ጤናው። ዐይኑንና ጆሮውን አስቀድሞ ማስመርመር መልካም ነው። በተለይ ቀለም መለየት መቻሉ መታወቅ አለበት። መርከብ በሌሊት ሲሄድ በግራ ጎኑ ቀይ፣ በቀኝ ጎኑ አረንጓዴ መብራት ያበራል። ኤሌክትሪከኛም ሽቦውን የሚለየው በቀለም ነው። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ልጅ ያለ ጥፋቱ ከመንገድ እንዳይመለስ አስቀድሞ ማወቁ ከብዙ ሐዘን ያድናል።

ሦስተኛ፣ ዋና። የደጋ ልጅ መዋኘት አያውቅም። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እንደሚባለው ወንዝ አጠገብ አድገን ውኃ እንፈራለን። ስለሆነም ልጁ በመዋኛ ገንዳ፣ በአስተማሪ ፊት ይማር። የቡራዩ ወላጆችን አደራ የምንለው ነገር አለ፤ ገፈርሳ የሕዝብ መጠጥ ውኃ ነው፤ የዋና ትምህርት ቤት አይደለም። ድንጋይ ከወጣበት ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ የክረምት ውኃም እንደዚሁ የልጅ መቅበሪያ ሆኗልና እንጠንቀቅ።

አራተኛ፣ ውሉ። ከላይ እንደ ተናገርነው ድሮ የሰባት ዓመት ግዴታ ነበር፤ የመኮንኑም ትምህርት ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅ ነበር። ዛሬም የሚፈርመው ወረቀት ላይ የሥልጠናው ርዝመት፣ የአገልግሎቱ ዘመን፣ ቢያቋርጥ የሚከተለው ነገር ይጻፋል። ልጁ ከመፈረሙ በፊት ቤተ ሰቡ አብሮ ያንብበው። ማንበብ የማይችል ወላጅ ቢኖር ከእድራችን አንድ የተማረ ሰው ይጥራ፤ ማንም እንቢ አይልም።

አምስተኛ፣ ደላላ። «እኔ ሰው አለኝ፣ ይህን ያህል ብር ስጡኝና አስገባዋለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ በሩን ዝጉበት። «ለውጭ መርከብ አስቀጥራለሁ» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ልጁ የሚገባው በማስታወቂያ ተመዝግቦ፣ ተፈትኖ፣ በምርመራ አልፎ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ እቁብ ሰብስቦ ለደላላ መስጠት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

በትምህርት ላይ ሳለ

ልጁ ከሄደ በኋላ የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነው። ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከእናት ቤት ወደ ወታደር ቤት፣ ከራስ ፈቃድ ወደ ትእዛዝ ይገባል። በስልክ ድምፁ ቢሰበር አትደንግጡ። «በቃ ተመለስ» የሚለው ቃል ከወላጅ አፍ ቶሎ እንዳይወጣ አደራ። «ዛሬ ምን ተማርክ? የትኛውን መሣሪያ ፈታህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ያልገባችሁን እንዲያስረዳችሁ አድርጉት። ልጅ የተማረውን ለእናቱ ሲያስረዳ ለራሱም ይገባዋል፤ ሙያውንም ያከብራል።

ስልኩ ሁልጊዜ አይነሣም። በሥልጠና ሠፈር ስልክ የሚፈቀደው በሰዓት ነው። መርከብ ላይ ደግሞ ሥራው በተራ ነው፤ በብዙ መርከብ አራት ሰዓት ሠርቶ ስምንት ሰዓት ማረፍ የተለመደ ነው። ዐርፎ የተኛን ልጅ ስለ አጥር ክርክር፣ ስለ አክስቱ ኩርፊያ ለመንገር መቀስቀስ ነውር ነው። የተበሳጨና እንቅልፍ ያጣ ልጅ ሞተር ክፍል ገብቶ አንድ ቫልቭ ቢረሳ የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም።

ስለ ገንዘብም ግልጽ እንነጋገር። ልጅ ደመወዝ ጀመረ ሲባል የዘመድ ችግር ሁሉ ወደ እርሱ ይዞራል። የታናሽ ወንድም ክፍያ፣ የአጎት ዕዳ፣ የቤት ጣሪያ ሁሉ በእርሱ ላይ ይቆጠራል። ልጅ ወላጁን መርዳቱ በረከት ነው፤ ነገር ግን ገና በትምህርት ላይ ያለን ልጅ እንደ ባንክ መቁጠር ትምህርቱን ማስጣል ነው። የምንመክረው ትምህርቱን እስኪጨርስ ከእርሱ የሚጠበቅ ነገር እንዳይኖር፣ ከጨረሰ በኋላም በወር ይህን ያህል ተብሎ በስምምነት እንዲወሰን ነው።

ሌላው ትልቅ ነገር ወረቀት ነው። ለንግድ መርከብ ባሕረኞች እ.ኤ.አ. በ1978 የተደረገ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፤ ኤስ.ቲ.ሲ.ደብሊው ይባላል። አንድ ባሕረኛ ምን መማር፣ ስንት ጊዜ ባሕር ላይ ማገልገል፣ ምን የምስክር ወረቀት መያዝ እንዳለበት የሚወስነው እርሱ ነው። የጦር መርከብ ግን በዚህ ስምምነት አይገዛም። እንግዲህ በባሕር ኃይል የተማረ ልጅ ነገ ወደ ንግድ መርከብ ልግባ ቢል የተማረው ሁሉ በቀጥታ አይቆጠርለትም፤ ማስረጃ ማቅረብና የጎደለውን መጨመር ይኖርበታል። ስለዚህ የወሰደውን እያንዳንዱን የኮርስ ወረቀት፣ ባሕር ላይ የዋለበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ሁሉ በሚፈቀደው መጠን ግልባጭ እያወጣ ቤት ያስቀምጥ። እናት የልጇን የክርስትና ወይም የልደት ካርድ እንደምታስቀምጥ ይህንንም በአንድ ማኅደር ታስቀምጥ። በዚህ ጉዳይ የሚጠየቀው መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው።

የንግድ መርከብ ስንል የራሳችንም እንዳለን አንርሳ። በ1956 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት አገሪቱ ጠረፍ ካጣች በኋላም ሥራውን አላቋረጠም፤ በ2004 ዓ.ም. ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት ተብሏል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በሜካኒካልና በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቀው ለዓለም አቀፍ የንግድ መርከብ የሚሠለጥኑ ወጣቶች አሉ። መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም ማለታችን ነው።

ሐዘን ሲመጣ

የተከበራችሁ አባላት፣

እስካሁን የተናገርነውን ማንም መምህር ሊነግራችሁ ይችል ነበር። አሁን የምንናገረው ግን የእድር ጉዳይ ነው። እኛ ስለ ሞት ለመነጋገር የማናፍር ሰዎች ነን፤ የተሰበሰብነውም ለዚሁ ነው። ባሕር ላይ ያለ ልጅ አባቱ ቢሞት ለቀብር አይደርስም። ይህን አስቀድመን ማወቅና መቀበል አለብን። መርከብ እንደ አውቶቡስ መንገድ ዳር አይቆምም። በሥልጠና ላይ ያለም ልጅ ፈቃድ እስኪያገኝ፣ ከዚያም እስኪጓዝ ቀናት ያልፋሉ። ቀብር ደግሞ አይጠብቅም፤ በእስልምና ሃይማኖት ሥርዓትማ በዚያው ቀን እንዲፈጸም ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? የምንመክረው ልጁ ከመሄዱ በፊት በደኅናው ቀን፣ ቡና ተፈልቶ፣ ቤተ ሰቡ ቁጭ ብሎ እንዲነጋገርበት ነው። «ልጄ፣ እኔን አንድ ነገር ቢያገኘኝ መቼ ይነገርህ? በማን በኩል ይነገርህ?» ብሎ አባት ይጠይቅ። ጥያቄው ከባድ ነው። እናት ታለቅሳለች፤ «ምነው ክፉ ታወራለህ» ትላለች። ነገር ግን ያን ቀን የተነገረ ቃል በኋላ ለሁሉም መጽናኛ ይሆናል። «አባቴ፣ ሥራህን ሳትጨርስ አትምጣ ብሎኛል» የሚል ልጅ ሐዘኑን ይችለዋል። ያልተነገረው ልጅ ግን «አባቴን ሳልቀብር ቀረሁ» እያለ ዕድሜ ልኩን ራሱን ይወቅሳል። አንዳንዱም ሥልጠናውን ጥሎ ይመጣል፤ ሲደርስ ድንኳኑ ተነሥቷል፤ አባቱም የለም፤ ትምህርቱም የለም።

ዛሬ ሌላ አደጋ መጥቶብናል። ድሮ መርዶ የሚነገረው ሽማግሌ ተመርጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነበር። አሁን ጡሩንባው ሳይነፋ የሟች ፎቶግራፍ በፌስቡክና በቴሌግራም ይወጣል። ሩቅ አገር ያለው ልጅ ተራውን ጨርሶ ስልኩን ሲከፍት የእናቱን ፎቶግራፍ ከሻማ ጋር ያያል። ይህ መርዶ አይደለም፤ ጭካኔ ነው። ያደረገው ሰው በክፋት ባያደርገውም ውጤቱ ያው ነው። ብቻውን ሆኖ፣ የሚይዘው ሰው በሌለበት፣ ዙሪያው ብረትና ባሕር በሆነበት ቦታ የደረሰው መርዶ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ቤተ ሰቡ የልጁን ክፍል ስም፣ የአለቃውን አድራሻ፣ የቅርብ ጓደኛውን ስልክ በወረቀት ጽፎ ይያዝ፤ አንዱን ግልባጭ ለእድሩ ጸሐፊ ይስጥ። ሐዘን ሲደርስ ከቤተ ሰቡ የተመረጠ አንድ ሰው ብቻ ለአለቃው ይደውል። አለቃው ልጁ በተራ ላይ አለመሆኑን አይቶ፣ ጓደኞቹን አዘጋጅቶ ይነግረዋል። ወታደር ቤትም የራሱ ሽማግሌ አለው። ከዚያ በኋላ ልጁ ራሱ ይደውላል፤ ያን ጊዜ ቤተ ሰቡ አብሮት ያልቅስ። ለቀብር ባይደርስ ለአርባው፣ ለሰማንያው ወይም በዓመቱ መጥቶ መቃብሩን ይሳለም፤ በእስልምናም እንደ ሃይማኖቱ ሥርዓት ዱዓውን ያድርግ።

ነገሩ በተቃራኒውም ሊመጣ ይችላል፤ ሩቅ ያለው ልጅ ራሱ ሊሞት ይችላል። በምጽዋው ጦርነት ጊዜ አስከሬን ሳያዩ ለቅሶ የተቀመጡ ቤተ ሰቦች ብዙ ነበሩ። «መቃብሩ የት ነው?» ብላ የምትጠይቅ እናት መልስ አላገኘችም። ለእንዲህ ያለው ሐዘን ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ስሙ ተጠርቶ መለቀሱ ብቻ ነው ያለው መድኃኒት። አስከሬን አልመጣም ተብሎ ለቅሶው የጎደለ ሊሆን አይገባም።

ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ

ከዚህ በመነሣት ጠቅላላ ጉባኤው ተወያይቶ በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ እንዲጨምርልን የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

1ኛ/ በባሕር ኃይል፣ በንግድ መርከብ ወይም ይህን በመሰለ ሩቅ ሥልጠናና ሥራ ላይ ያለ አባል ወርኃዊ መዋጮውን በወኪል ቢከፍል አባልነቱ ሙሉ ሆኖ እንዲቀጥል።

2ኛ/ ይኸው አባል በቀብርና በስብሰባ ላይ ባለመገኘቱ የሚጣለው ቅጣት ማስረጃ እስካቀረበ ድረስ እንዲነሣለት። ድንኳን መትከሉንና ዕቃ መሸከሙን ጎረቤት ይተካለት፤ እርሱ ሲመጣ ይተካል።

3ኛ/ በእድራችን ቤት ሐዘን ሲደርስ፣ ሩቅ ያለው የቅርብ ቤተ ሰብ በአግባቡ መርዶ መስማቱ በጸሐፊው በኩል እስኪረጋገጥ ድረስ ማንም አባል ስምም ሆነ ፎቶግራፍ በስልክ እንዳያሠራጭ፤ የወጣቶች ክፍልም ይህን እንዲያስተምር።

4ኛ/ የአባል ልጅ በሩቅ ቢሞትና አስከሬኑ ባይመጣ ወይም ቢዘገይ፣ ሞቱ በመሥሪያ ቤቱ ከተረጋገጠ፣ አስከሬን ለመጣለት ሐዘን የሚደረገው ሁሉ ድንኳኑም፣ ገንዘቡም፣ ሰዉም ሳይጎድል እንዲደረግ።

5ኛ/ ልጃቸው ሩቅ የሄደባቸው፣ ሌላ ረዳት የሌላቸው አረጋውያን ወላጆች ስማቸው ተመዝግቦ ከየሠፈሩ አንድ አባል በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲጠይቃቸው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላልና። እናቱ ብቻዋን እንዳልቀረች የሚያውቅ ልጅ ትምህርቱን ተረጋግቶ ይማራል።

አንድ ሰው «ስንት ልጅ ሄዶ ነው ደንብ የሚለወጠው?» ሊል ይችላል። ይህ ደንብ ግን የሚጠቅመው ለባሕረኛ ብቻ አይደለም። ዐረብ አገር ያለችውም ልጅ፣ ድንበር ላይ ያለውም ወታደር፣ ረጅም መንገድ የሚነዳውም ሾፌር በዚሁ ይጠቀማል። ለመርከበኛው ልጅ ብለን ያደረግነው ለሁሉም ይደርሳል።

በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 18፣ የዓለም የባሕረኞች ቀን ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ2010 ማኒላ ላይ በተደረገ ጉባኤ የተወሰነ ነው። በዚያ ቀን በአንዳንድ ወደቦች መርከቦች ያስፉጫሉ። ሱሉልታ ላይ መርከብ የለንም። ነገር ግን በዚያን ቀን ልጃቸው ባሕር ላይ ያለ ወላጆችን ቤት አንኳኩተን «ልጃችሁ እንዴት ነው? ደኅና ነው ወይ?» ማለት እንችላለን። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

የተከበራችሁ አባላት፣ ልጆቻችን ከእኛ የተሻለ ሙያ ይዘው እንዲኖሩ ሁላችንም እንመኛለን። ምኞቱ እንዲፈጸም ልጁ በሩቅ ሞተሩን ሲጠብቅ እኛ እዚህ ቤቱን እንጠብቅለት። ያቀረብነውን ሐሳብ ሊቀ መንበሩ ለውይይት እንዲያቀርቡልን በትሕትና እንጠይቃለን።

በያሉበት በየብስም በባሕርም ያሉትን ልጆቻችንን እግዚአብሔር ይጠብቅልን፤ አሜን።